የአሜሪካ ፕሮሰሱ ለቆመበት የኤርትራ ስደተኛ ቤተሰብ ምን መንገድ ቀረ? (አዲስ አበባ)

ሰሚት_አደባባይ፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። አዲስ አበባ ውስጥ ስደተኞችን ቅጽ በመሙላትና ደብዳቤ በመጻፍ በሚያግዝ ትንሽ ማኅበር ውስጥ ነኝ። ሰሞኑን የሚመጣው ጥያቄ ሁሉ አንድ መልክ ስለያዘ የብዙዎቹን ጉዳይ አንድ ላይ አድርጌ እንደ ምሳሌ ላቅርበው። ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ እንዳንደባለቅ።

ቤተሰቡ አምስት ነው፦ አባት፣ እናት፣ የ20 ዓመት ልጅ፣ የ16 ዓመት ወንድሟ፣ አሁን ደግሞ ስምንት ወር የሞላው ሕፃን። በ2016 ትግራይ ውስጥ ዓዲ ሓሩሽ ካምፕ ተመዝግበዋል። በጦርነቱ ጊዜ ወጥተው አዲስ አበባ ገቡ። የአሜሪካ ፕሮሰስ (በስደተኛነት አሜሪካ ተወስዶ መስፈር) ነበራቸው፤ ኢንተርቪው አልፈው፣ ሜዲካል ጨርሰው በረራ ሲጠብቁ በጃንዋሪ 2025 ፕሮግራሙ ቆመ። ሕፃኑ ከዚያ ወዲህ ስለተወለደ ፋይላቸው ላይ የለም። የእናትየዋ እህት ቶሮንቶ፣ የአባትየው ወንድም ፍራንክፈርት ይኖራሉ።

የቆመውን እየጠበቁ ይቀመጡ ወይስ ሌላ በር ያንኳኩ? ዘመዶቻቸው በትክክል ምን ማድረግ ይችላሉ? እዚሁ ሥራ ቢጀምሩ "ፕሮሰሱ ይበላሻል" የሚባለውስ እውነት ነው? በወሬ ሳይሆን በአሠራሩ የምታውቁ ብትመልሱልኝ።

---

የፋይል_ሰው፦

ሰላም ሰሚት። ከበሩ በፊት ፋይሉ ይቅደም። ይህን የምለው አብዛኛው ኬዝ የሚበላሸው አገር በሩን ስለዘጋ ብቻ ስላልሆነ ነው። በሩ በተከፈተ ሰዓት ፋይሉ ዝግጁ ሆኖ ስለማይገኝም ነው።

መጀመሪያ ልኩን እንወቅ። ዩኤንኤችሲአር (የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ድርጅት) ለ2026 መልሶ ማስፈር፣ ማለትም ከተጠለሉበት ወደ ሦስተኛ አገር መወሰድ፣ ያስፈልጋቸዋል ብሎ የገመተው 2.5 ሚሊዮን ሰው ነው። በ2024 በዓለም ሁሉ በዚህ መንገድ ሦስተኛ አገር የገባው 188,800 ገደማ ነበር፤ ያውም አሜሪካ ክፍት በነበረችበት ዓመት። አሜሪካ ለ2025 የበጀት ዓመት 125,000 ኮታ ይዛ ነበር፤ ለ2026 ግን ጣሪያው 7,500 ሆነ፣ ቅድሚያውም ለደቡብ አፍሪካ ነጮች ተሰጠ። ኤርትራ ደግሞ በጁን 2025 የጉዞ እገዳ ዝርዝር ውስጥ ገብታለች። ስለዚህ "በቅርቡ ይለቀቃል" የሚላችሁን ሰው መረጃው ከየት እንደመጣ ጠይቁት።

አሁን ወደ ቤተሰቡ። አንደኛ፣ ሕፃኑ ይመዝገብ። ፋይል ላይ የሌለ ልጅ ወደፊት ቤተሰቡን በሙሉ ያቆማል፤ ፕሮግራሙ ቢከፈት እንኳ ሕፃኑ እስኪጨመርና የራሱ ምርመራ እስኪያልቅ የሌሎቹ ሜዲካል ይቃጠላል። የአሜሪካው ሜዲካል የሚያገለግለው ብዙውን ጊዜ 6 ወር ነው፤ ከቲቢ ጋር የተያያዘ ምልክት ካለ 3 ወር። አንዱን ሲያድሱ የሌላው ጊዜ ያልፋል፤ በትልቅ ቤተሰብ ላይ ይህ ዙር ዓመት ሊበላ ይችላል።

ሁለተኛ፣ ልጅቷ። የአሜሪካ ሕግ ጥገኛ የሚለው ያላገባ ከ21 ዓመት በታች ልጅ ነው። ነገር ግን ዕድሜው የሚቆለፈው ወላጅ በአሜሪካ የኢሚግሬሽን መኮንን ኢንተርቪው በተደረገበት ቀን ነው። ስለዚህ ኢንተርቪው ካለፉ በዚህኛው ፋይል 21 ቢሞላትም አትወጣም። ካገባች ግን ትወጣለች፤ የሃይማኖት ጋብቻም ቢሆን፣ ዝም ብሎ አብሮ መኖርም በቃለ መጠይቅ ሲወጣ ጥያቄ ያስነሳል። ይህን ለእናትና ለአባት ብቻ ሳይሆን ለልጅቷ ለራሷ ንገሯት።

ሦስተኛ፣ ቀኖች። እኛ ዘንድ በጣም የተለመደው ስህተት ይህ ነው። ለምሳሌ አንድ ልጅ መስከረም 20 ቀን 1990 በእኛ ተወለደ እንበል፤ በፈረንጅ ሴፕቴምበር 30 ቀን 1997 ነው። ወንድሙ ወይም ጎረቤቱ በዚያው ዓመት ጥር 10 ቢወለድ ግን ጃንዋሪ 18 ቀን 1998 ይሆናል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ አልፎ ልዩነቱ 7 ዓመት ነው፤ የፈረንጅ አዲስ ዓመት ከገባ በኋላ 8። ጸሐፊው ሁልጊዜ 8 ከደመረ የመስከረሙ ልጅ በአንድ ዓመት ያንሳል፤ ሁልጊዜ 7 ከደመረ የጥሩ ልጅ በአንድ ዓመት ይጨምራል። ኤርትራውያን በመንግሥት ሰነድ የፈረንጁን፣ በክርስትና ካርድ ደግሞ የግዕዙን ስለሚጠቀሙ የአንድ ሰው ሁለት ሰነድ ሁለት ዕድሜ ያሳያል። እዚህ ከትምህርት ቤት የሚወጣው ትራንስክሪፕት ሦስተኛ ይጨምራል። መፍትሔው አንድ ወረቀት ላይ የእያንዳንዱን ሰው ቀን በሁለቱም አቆጣጠር ጽፎ፣ የካምፕ ምዝገባው ላይ ካለው ጋር አስተያይቶ፣ ልዩነት ካለ አሁኑኑ በጽሑፍ ማስተካከያ መጠየቅ ነው። ኢንተርቪው ክፍል ውስጥ "ያኔ ተሳስተው ነው የጻፉት" ማለት ደካማ መልስ ነው። ቀደም ብሎ የገባ የማስተካከያ ጥያቄ ግን ራሱ ማስረጃ ይሆናል።

ስምም ያው ነው። የእኛ ስም የራስ፣ የአባት፣ የአያት ነው፤ የፈረንጅ ቅጽ አያትን የቤተሰብ ስም ያደርገዋል። አባትና ልጅ የተለያየ "ሰርኔም" ይዘው ይወጣሉ። "ገብረ" ወይም "ወልደ" ያለበት ስም ደግሞ አንዱ ጋ ተጣብቆ፣ ሌላው ጋ ተለያይቶ ይጻፋል፤ ሲለያይ "ገብረ" ብቻውን የራስ ስም ይሆናል። ምዝገባው ላይ ያለውን የላቲን አጻጻፍ ያዙ፤ የማያምር ቢሆንም እሱን ብቻ በሁሉም ቅጽ ድገሙት።

የመጨረሻው፦ ዩኤንኤችሲአር አንድን ኬዝ በአንድ ጊዜ ለሁለት አገር አያቀርብም። ስለዚህ ፋይላቸው በአሜሪካ በኩል ተይዞ እስካለ ድረስ በራሱ ወደ ሌላ አገር አይዞርም። "ወደ ሌላ አገር ይታይልን" ብሎ በጽሑፍ መጠየቅ ይቻላል፤ መልሱ ግን በኮታና በኬዙ አሳሳቢነት ይወሰናል። መመዘኛዎቹ ሰባት ናቸው፦ የሕግ ወይም የአካል ደኅንነት፣ የስቃይ ሰለባነት፣ ሕክምና፣ ለአደጋ የተጋለጡ ሴቶች፣ ቤተሰብ መገናኘት፣ ለአደጋ የተጋለጡ ልጆች፣ እና ሌላ መፍትሔ በአቅራቢያ አለመኖሩ። "ብዙ ዓመት ቆየን" የሚለው ብቻውን ከሰባቱ አይደለም። አዲስ የጤና ችግር፣ ዛቻ ወይም ጥቃት ካለ ግን ማስረጃውን ይዞ ማሳወቅ ፋይሉን ሊያንቀሳቅስ ይችላል።

---

ዳንፎርዝ_ጎዳና፦

የቶሮንቶዋን እህት በተመለከተ ልግባ። ለእኔ ከሁሉም ተስፋ ያለው ይህ ነው፤ ግን ብዙ ሰው ገንዘብ የሚበላበትም ይኸው ነው።

ካናዳ ውስጥ የግል ስፖንሰርሺፕ ሦስት መንገድ አለው። "ግሩፕ ኦፍ ፋይቭ" አምስትና ከዚያ በላይ ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ ተሰብስቦ የሚያመጣበት ነው። "ኮሚዩኒቲ ስፖንሰር" በድርጅት በኩል ነው። ሦስተኛው "ሳህ" የሚባለው ከመንግሥት ጋር ስምምነት የፈረመ ተቋም ነው፤ አብዛኞቹ የቤተ ክርስቲያን ተቋማት ናቸው፤ የካቶሊክ ሀገረ ስብከቶች፣ አንግሊካን፣ ሜኖናይት። መንግሥት ከኖቬምበር 29 ቀን 2024 ጀምሮ ከሁለቱ የመጀመሪያ መንገዶች አዲስ ማመልከቻ መቀበል አቁሟል። ተከፍቶ እንደሆነ ከራሱ ከኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ብቻ አረጋግጡ። አሁን "የግሩፕ ኦፍ ፋይቭ ቦታ አለኝ" ብሎ ቅድሚያ የሚቀበል ሰው ካጋጠማችሁ የሚሸጠው የሌለ ነገር ሊሆን ይችላል።

የቀረው ሳህ ነው። እያንዳንዱ ሳህ በየዓመቱ የሚያመጣው ሰው ቁጥር የተወሰነ ስለሆነ ወረፋው ረጅም ነው። እህትየዋ ማድረግ ያለባት ከደብሯ ወይም ከምታውቀው ተቋም ጋር ተነጋግራ ተባባሪ መሆን ነው፤ ሕጋዊ ኃላፊነቱን የሚወስደው ሳሁ ሲሆን ገንዘቡንና ቤት ፍለጋውን ዘመድ ይሸከማል። ድጋፉ ከመጡበት ቀን 12 ወር ነው፦ ኪራይ፣ ምግብ፣ ልብስ፣ ማቋቋሚያ ዕቃ። ለአንድ ሰው ለዓመታት ይጠየቅ የነበረው ዝቅተኛ መጠን 16,500 የካናዳ ዶላር ነበር፤ ለአምስት ሰው የሚጠየቀውን ከአሁኑ ሠንጠረዥ እዩ፣ በቶሮንቶ ኪራይ ግን ሠንጠረዡ ራሱ አይበቃም። የአውሮፕላንና የሜዲካል ወጪ በመንግሥት ብድር ይሸፈናል፤ ከ2018 ወዲህ ወለድ የለውም።

ቅጹ ላይ የሚወድቁበትን ልንገራችሁ። ዋናው አይኤምኤም 0008 ነው፤ 18 ዓመት የሞላው እያንዳንዱ ሰው ደግሞ የራሱን ስኬጁል ኤ (አይኤምኤም 5669) እና ስኬጁል 2 ይሞላል። ልጅቷ 20 ስለሆነች ከእናቷ ቅጽ ጋር አትጠቃለልም፤ ለብቻዋ ትጽፋለች። ስኬጁል ኤ ያለፉትን 10 ዓመታት አንድም ወር ሳይዘለል ይጠይቃል፤ ሥራ ከሌለም "ሥራ የለኝም፣ ካምፕ ነበርኩ" ተብሎ ይጻፋል። ኤርትራውያን ዘንድ ክፍተቱ የሚፈጠረው ሁለት ቦታ ነው፦ ብሔራዊ አገልግሎት ላይ (የትኛው ክፍል፣ የት፣ ምን ሥራ፣ እንዴት እንደወጣ) እና ከኖቬምበር 2020 በኋላ ካምፑ በተበተነበት ጊዜ። ባል "ጃንዋሪ ላይ ነው የወጣነው" ካለና ሚስት "መጋቢት" ብላ በእኛ ወር ከጻፈች ቪዛ መኮንኑ ሁለት ታሪክ ነው የሚያየው። አንድ ላይ ተቀምጠው በወር የተከፋፈለ ዝርዝር መጀመሪያ በትግርኛ ወይም በአማርኛ ያውጡ፤ ትርጉሙ ከዚያ ይምጣ። ለዩኤን ቀድሞ ከሰጡት ቃል ጋርም ይመሳከር። የአሜሪካ ኬዝ እንደነበራቸው አይደብቁ፤ ይታያል፣ መደበቁ ነው ጥፋት የሚሆነው።

ዕድሜ፦ ካናዳ ጥገኛ ልጅ የምትለው ከ22 ዓመት በታች ያላገባ ነው። ልጅቷ 20 ከሆነች ወረፋው ላይ ብዙ ጊዜ የላትም። ማመልከቻው ተቀባይነት አግኝቶ በገባበት ቀን ያላት ዕድሜ ነው የሚያዘው፤ እህትየዋ ሳህ ስትፈልግ መጀመሪያ የምትናገረው ይህን ይሁን።

አብሮ የማይሄድ ቢሆንም እንኳ የትዳር ጓደኛና ልጅ ሁሉ ቅጹ ላይ ይጻፍ። ተለይቶ የቀረ የትዳር ጓደኛ ወይም ጥገኛ ልጅ በተመዘገበ ጊዜ ዋናው ከገባ በ1 ዓመት ውስጥ እንዲከተል መጠየቅ ይችላል፤ ያልተጻፈ ግን በመርሕ ደረጃ ለወደፊት የቤተሰብ ስፖንሰርሺፕ ሊዘጋ ይችላል። "ልጁን ኋላ እናመጣዋለን፣ አሁን ቁጥር እንዳይበዛ" የሚል ምክር ከሰማችሁ ጆሯችሁን ድፈኑ።

---

ማይን_ወንዝ፦

የፍራንክፈርቱ ወንድም ለዚህ ቤተሰብ በር አይደለም። ቢጠላም እውነቱ ይህ ነው። የጀርመን የቤተሰብ መገናኘት ሕግ ለትዳር ጓደኛና ለአካለ መጠን ላልደረሰ ልጅ ነው (ብቻውን ለመጣ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ደግሞ ለወላጁ)፤ ወንድም ወንድሙን አያመጣም። ወንድምየው ለቶሮንቶው ስፖንሰርሺፕ ገንዘብ ቢያዋጣ ይሻላል።

ግን በዚህ ክር የሚያልፉ ሌሎች ባልና ሚስቶች ስላሉ ልጨምር። ጀርመን ሙሉ የስደተኛ ዕውቅና ያገኘ ሰው ውሳኔው በደረሰው በ3 ወር ውስጥ "ቤተሰቤን ላመጣ ነው" ብሎ ካስታወቀ ገቢና የቤት ስፋት አይጠየቅም። ይህን ማስታወቂያ ጀርመን ያለው ሰው ራሱ ማስገባት ይችላል፤ የኤምባሲ ቀጠሮ እስኪገኝ መጠበቅ የለበትም። ብዙ ሰው ቀጠሮ ሲጠብቅ ነው ሦስት ወሩን የሚያሳልፈው። "ንዑስ ጥበቃ" (ከሙሉ የስደተኛ ዕውቅና ያነሰ ጥበቃ) የተሰጠው ሰው ግን ከጁላይ 2025 ጀምሮ ለሁለት ዓመት ቤተሰብ ማምጣቱ ታግዷል፤ ከከባድ ችግር በቀር። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው የወረቀቱ ዓይነት ነው።

የኤርትራ የጋብቻ ምስክር ወረቀት ከሌለስ? የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በማርች 2019 በአንድ የኤርትራዊት ጉዳይ ላይ ይፋዊ ሰነድ ስለሌለ ብቻ ማመልከቻ መጣል እንደማይቻል ወስኗል፤ ባለሥልጣኑ ሌላውን ማስረጃ ማየት አለበት። ሌላው ማስረጃ ማለት የቤተ ክርስቲያን ወረቀት፣ የሠርግ ፎቶ፣ የስልክና የሐዋላ ደረሰኝ፣ ካምፕ ላይ አብረው የተመዘገቡበት ወረቀት ነው፤ ለልጅ ዲኤንኤ። ከኤርትራ ኤምባሲ ሰነድ ለማውጣት "የጸጸት ቅጽ" (ብሔራዊ አገልግሎቴን ሳልፈጽም በመቅረቴ ተጸጽቻለሁ የሚል) ፈርሙ ለተባላችሁም፣ የጀርመን ፌዴራል አስተዳደር ፍርድ ቤት በኦክቶበር 2022 ይህን ፈርሙ ብሎ ማስገደድ ተገቢ እንዳልሆነ ወስኗል። ጉዳዩ ስለ ፓስፖርት ነበር፤ ደብዳቤ ስትጽፉ ግን ጥቀሱት።

ቪዛ በእጅ ገብቶም የሚቆምበት ቦታ አለ፦ ከኢትዮጵያ መውጫ። በስደተኛነት የተመዘገበ ሰው መውጫውን በስደተኞችና ተመላሾች አገልግሎት በኩል ይጠይቃል። ሳይመዘገብ የኖረ ግን ሕጋዊ ቆይታ ስለሌለው በቀን የሚቆጠር የዶላር ቅጣት ይጠብቀዋል። ኢትዮጵያ በጃንዋሪ 2020 ለኤርትራውያን በጅምላ የምትሰጠውን ዕውቅና ካቆመች ወዲህ የገቡት ላይ ይህ በጣም ይከብዳል። ቪዛ ከመጠየቅ በፊት ይህን አስቡ።

---

መልካዲዳ_መስኖ፦

ሁላችሁም ስለ መውጣት ነው የጻፋችሁት። ሰሚት የጠየቀው ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ልምጣ።

የስደተኞች አዋጅ 1110/2011 (ቁጥሩ በእኛ ዘመን ነው፣ በፈረንጅ 2019) የመሥራት፣ የመንቀሳቀስ፣ የመማር፣ ባንክ የመጠቀምና መንጃ ፈቃድ የማውጣት መብት ይሰጣል። በወረቀት ከአፍሪካ ለጋስ ከሚባሉት አንዱ ነው። ችግሩ በዝርዝሩ ላይ ነው። የሥራ መንገዱ ሦስት ነው። በጋራ ፕሮጀክት (ለስደተኛውና ለአካባቢው ሰው ተብሎ በውጭ ገንዘብ የሚሠራ) የመኖሪያ ፈቃድ ተሰጥቶ እንደ ዜጋ ይሠራል። በቅጥር ሥራ ግን "ለውጭ አገር ሰው የሚሰጠው የተሻለ አያያዝ" ነው የተባለው፤ የውጭ አገር ሰው ደግሞ ኢትዮጵያዊ በሚሠራው ሥራ ላይ በቀላሉ አይፈቀድለትም። ስለዚህ ቀጣሪው የሚያውቀው ነገር ስለሌለ "ኋላ ጣጣ ያመጣብኛል" ብሎ ይተዋል፣ ወይ በድብቅ በግማሽ ደመወዝ ያሠራል። ሦስተኛው በራስ ንግድ ፈቃድ ነው።

በተግባር ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። የስደተኛ መታወቂያው የታደሰ ይሁን። ቀጥሎ ፋይዳ። ስደተኛም ፋይዳ ይሰጠዋል፤ ባንኮች አዲስ ሒሳብ ሲከፍቱ ይጠይቁታል። ፋይዳ በጣት አሻራና በዓይን የሚለይ ስለሆነ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ አይገባበትም። እዚህ ላይ ሐቁን እንናገር፦ ቀደም ሲል ለኑሮ ብለው በዘመድ በኩል የቀበሌ መታወቂያ ያወጡና እንደ ኢትዮጵያዊ ፋይዳ የተመዘገቡ ስደተኞች አሉ። የስደተኛ ፋይሉና ፋይዳው ሲጋጩ "ኢትዮጵያዊ ነህ" ይባላሉ፤ ያ ደግሞ የስደተኛነቱን ሁኔታ ራሱን ይነካል። ያላደረገ አያድርግ፤ ያደረገ የሕግ ምክር ሳይጠይቅ ወደ ምዝገባ ጣቢያ አይሂድ።

ከፋይዳ በኋላ ባንክ፣ ከዚያ የግብር ከፋይ ቁጥር፣ ከዚያ ንግድ ፈቃድ። አንዱ መሥሪያ ቤት "ስደተኛ አናስተናግድም" ካለ ከስደተኞችና ተመላሾች አገልግሎት የድጋፍ ደብዳቤ ይዞ መመለስ ነው። ወረዳ ላይ ያለው ሠራተኛ ብዙውን ጊዜ አዋጁን አላየውም፤ አንቀጹን አትሞ ይዞ መሄድ ከክርክር ይሻላል።

ካምፕ ላይ ያሉትን በሚመለከት ሶማሌ ክልል ያለውን መልካዲዳን እዩ። በአምስቱ ካምፖች ዙሪያ በገናሌ ወንዝ የተዘረጋ መስኖ አለ፤ የአይኪያ ፋውንዴሽን ገንዘብ ነው ያሠራው። መሬቱ የአካባቢው ሰው፣ ማኅበሩ የስደተኛውና የአካባቢው በጋራ። ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ በቆሎ። ይህ የአካባቢ ውህደት ሊሠራ እንደሚችል የሚያሳይ ነው፤ ግን ከገንዘቡ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ሁልጊዜ ያው ነው፦ የፓምፕ ነዳጅ ማን ይከፍላል፣ ቦዩ በደለል ሲሞላ ማን ይጠርጋል፣ ቲማቲሙ በአንድ ሳምንት ሲደርስ ገበያው የት ነው? የማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ ለጥገና የሚቆረጠውን ከሽያጩ አስቀድሞ ካላስቀመጠ ፓምፑ በተበላሸ ቀን ማኅበሩም ይበተናል። ጋምቤላ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ፤ የስደተኛው ቁጥር ከነዋሪው ጋር ስለሚቀራረብ "ውህደት" የሚለው ነገር መሬትና ምርጫ ይነካል። የመስኖ ፕሮጀክት ብቻ አይፈታውም።

---

አንቀጽ_ፈላጊ፦

"ሥራ ከጀመርን ፕሮሰሱ ይበላሻል" የሚለው እንዲህ እንደተወራው አይደለም። ሻይ ቤት መክፈት፣ በፈቃድ መቀጠር፣ ባንክ ሒሳብ መያዝ ማንንም ከመልሶ ማስፈር አያስወጣም። አሜሪካኖች የሚፈሩት ሰው በሌላ አገር ዜግነት ወይም ቋሚ ነዋሪነት ማግኘቱን ነው። ስለዚህ መልካዲዳ የጠቀሰው የጋራ ፕሮጀክት የመኖሪያ ፈቃድ ላይ የጊዜ ገደቡ ምን እንደሚል ቅጂው ይቀመጥ፤ ጊዜያዊ ከሆነ ጊዜያዊነቱ ወረቀቱ ላይ ይታያል።

ዜግነት ግን የተለየ ነው። በዜግነት አዋጅ 378/1996 (ይህም ቁጥር በእኛ ዘመን ነው፣ በፈረንጅ 2003) አንድ የውጭ አገር ሰው ቢያንስ 4 ዓመት እዚህ ኖሮ፣ ከአገሪቱ ቋንቋዎች አንዱን ተግባብቶ፣ ሕጋዊ ገቢ ኖሮት፣ ከወንጀል ነፃ ሆኖ ሊጠይቅ ይችላል። ለኤርትራውያን ቋንቋውና ዓመቱ አይከብድም። የሚከብደው ከቀድሞ ዜግነት የመልቀቅ ማስረጃ ነው፤ ከሸሹት መንግሥት ወረቀት ማምጣት ማለት ነውና። ዜግነት ያገኘ ሰው ደግሞ ስደተኛነቱ ያበቃል፤ መመለሻ የለውም። በእኔ አስተያየት ሕጉ ባይሆንም አሠራሩ ነው እዚህ ላይ መለወጥ ያለበት።

እናትና አባታቸው አንዳቸው ኢትዮጵያዊ ከሆኑ ልጆቹ በትውልድ ኢትዮጵያዊ ናቸው። ይህ ለአንዳንዱ ቤተሰብ መፍትሔ፣ ለሌላው ፋይሉን የሚከፍል ጉዳይ ነው። ባልና ሚስት ተመካክረው ይወስኑ እንጂ አንዱን ወላጅ ከፋይሉ መሰወር መፍትሔ አይሆንም።

---

ሰሚት_አደባባይ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ብዙ ነገር ጠራልኝ። ሁለት ነገር ላክል። አንድ ደላላ ለአባትየው "የእህትህን ልጅ በሕፃኑ ቦታ እናስገባ፣ ወጪውን እሷ ትችላለች" ብሎታል። ሁለተኛ፣ አያታቸው "ከ2018ቱ የኢትዮጵያና የኤርትራ ሰላም በኋላ ዩኤን ኤርትራውያንን ሊመልስ ነው" ሲባል ሰምተው ተጨንቀዋል።

---

የፋይል_ሰው፦

ደላላውን በተመለከተ መልሱ አጭር ነው፦ እንቢ። ልጅ ላይ ዲኤንኤ ይደረጋል፣ ሲገኝም የሚዘጋው የልጅቷ ብቻ ሳይሆን የቤተሰቡ ኬዝ ነው። ዩኤንኤችሲአርና አይኦኤም (ዓለም አቀፉ የስደት ድርጅት) ለየትኛውም ደረጃ ገንዘብ አያስከፍሉም። ገንዘብ የጠየቀ ሰው ሲመጣ ይህን እንድታስታውሱ ነው የምንደጋግመው። የእህቱ ልጅ ወላጅ የሌላት ከሆነች በእውነተኛ ስሟ እንዳለች አሳውቁ፤ ለአካለ መጠን ያልደረሰች ልጅ በዘመድ አሳዳጊነት አብራ ልትታይ ትችላለች፤ የልጅ ጥቅም ግምገማ ይደረግላታል።

መመለስን በተመለከተ፦ መመለስ በፈቃድ ብቻ ነው። ዩኤንኤችሲአር ለኤርትራውያን እያደራጀ ያለው የጅምላ መመለስ የለም፤ ምክንያቱም የሰዎቹ መሸሻ፣ ማብቂያ የሌለው ብሔራዊ አገልግሎት፣ አልተለወጠም። በሕግ የወጣው 18 ወር ነው፤ በተግባር ዓመታት ይሆናል። የ2018ቱ ስምምነት ድንበር ለጥቂት ወራት ከፈተ እንጂ ይህን አልነካም። አያትየው የሰሙት ምናልባት "የማቋረጫ አንቀጽ" የሚባለውን ነው። በ2002 ዩኤንኤችሲአር በነፃነት ትግሉና በ1998–2000 ጦርነት ምክንያት ለሸሹ ኤርትራውያን ስደተኛነቱ አብቅቷል ብሎ ነበር። ከ1991 በፊት ለወጡ ኢትዮጵያውያንም በማርች 2000 እንዲሁ ሆኗል። ያም ቢሆን አሁንም የመፍራት ምክንያት አለኝ ያለ ሰው በግሉ ይታይለታል። በ2016 ከአገልግሎት ሸሽቶ የተመዘገበን ሰው አይመለከትም።

---

አሶሳ_መንገድ፦

ለ20 ዓመቷ ልጅ አንድ ነገር ሁላችሁም ዘለላችሁ። 12ኛን ጨርሳ የማለፊያ ነጥብ ካላት ዳፊ የሚባለው የጀርመን ስኮላርሺፕ አለ፤ ከ1992 ጀምሮ ስደተኛን እዚሁ ባለበት አገር ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል። የመጀመሪያ ዲግሪ የያዘ ደግሞ በዩኒኮር (የጣሊያን ዩኒቨርሲቲዎች ለስደተኛ የሚሰጡት ስኮላርሺፕ) ወደ ጣሊያን ለማስተርስ ሊሄድ ይችላል፤ በ2019 የተጀመረው ከኢትዮጵያ ነው። ውድድሩ ጠንካራ ነው፤ ነጥብና እንግሊዝኛ ይፈልጋል፣ ቪዛውም የትምህርት ነው። ከወላጆቿ ፋይል ለብቻዋ መውጣቷ ምን እንደሚያስከትል ግን ከመፈረሟ በፊት ይጠየቅ።

---

ሰሚት_አደባባይ፦

ልክ ነህ፣ ነጥቧ ጥሩ ነው። ስለ ሕፃኑ አንድ ነገር ብቻ፦ የተወለደው በግል ክሊኒክ ነው፣ ስለ መወለዱ ምንም ወረቀት አልወሰዱም። አሁን ስምንት ወሩ ነው። ዘገየ?

---

የፋይል_ሰው፦

ዘግይቷል ግን አልተዘጋም። ከኦክቶበር 2017 ጀምሮ ስደተኞችም በወሳኝ ኩነት ምዝገባ ይመዘገባሉ፤ ሕጉ ልደትን በ90 ቀን ውስጥ ይላል፣ ካለፈ "የዘገየ ምዝገባ" ተብሎ ይገባል። መጀመሪያ ክሊኒኩ ሄደው የልደት ማሳወቂያ ወረቀት ያስጽፉ፤ የእናትየዋ ካርድ ቁጥር ካለ መዝገቡን ያገኙታል። ከሌለ የክትባት ካርዱ ይረዳል። ከዚያ እናትና አባት ሁለቱም የስደተኛ መታወቂያቸውን ይዘው፣ ሕፃኑንም ይዘው ይሂዱ። የልደት ምስክር ወረቀቱ ወጥቶ የቤተሰብ ፋይሉ ላይ እንዲጨመር የሚጠይቁት ለብቻ ነው፤ አንዱ ሲሠራ ሌላው በራሱ አይሠራም። ወረቀቱ ላይ ከመፈረማቸው በፊት የአባትየው ስም በላቲን የተጻፈበትን ፊደል በፊደል ከካምፕ ምዝገባቸው ጋር ያስተያዩ፤ የልደት ቀኑም በሁለቱም አቆጣጠር ትክክል መሆኑን ይቁጠሩ። ማስተካከያ ማስደረግ ከምዝገባው ራሱ ይረዝማል።